ስንት ትከሻ አለው?

ትዝታ የአዛውንት ነው ሲባል እሰማለሁ። የእኔ ጸጉር ገና አልሸበተም፤ «አንቺ ልጅ» ብለው የሚጠሩኝም አሉ። ግን ከሩዝ መፈልፈያ ጀርባ የኖረ ሰው ሳያረጅም ወደ ኋላ የሚያይበት አያጣም። ሞተሩ ሲግል ከገለባው የሚወጣ ሽታ አለ፤ ቆሎ ሊያር ሲል የሚሸተውን ይመስላል፣ አቧራ አቧራም ይላል። ያ ሽታ ሲመጣ እጄ ሥራ ይፈታል። የዛሬ ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። ደጄ ላይ ተቀምጬ ሰሃን ሳጥብ ሽታው መጣ፤ ከኋላው ደግሞ አንዲት ወጣት ልጅ መጣች። ኮፍያ አድርጋለች፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፣ ታብሌት በደረቷ አቅፋለች።

«ለጤና ጥናት ነው የመጣሁት እህቴ። ጥቂት ጥያቄ ብቻ» አለችኝ።

ዱካ አቀረብኩላት። ስም አለችኝ፤ የሺ አልኳት። ትምህርት አለችኝ፤ ስድስተኛ ክፍል አልኳት። ከማን ጋር ትኖሪያለሽ አለችኝ፤ ብቻዬን አልኳት። እዚያ ላይ ጣቷ ትንሽ ቆመ። ወዲያው ታብሌቱ ጠፋባት። «ውይ! ባትሪው አለቀ» ብላ ተጨነቀች። ተቀብዬ ቤት ውስጥ ሰካሁላት፤ እሷም እስኪሞላ ጥላ ፍለጋ ወደ መፈልፈያው ደጅ ሄደች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ እማሆይ ሰምተው ኖሮ፣ «እንግዳ መጣልሽ እንዴ? ዛሬስ ሰማዩ ይደፋል!» አሉ። እማሆይ መልስ ከእኔ አይጠብቁም። ጠዋት ጠዋት ውኃ ቀድቼ በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ከውስጥ ሆነው «ዛሬም ዘገየሽ» ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ ጨዋታ የለንም። ከሞተሩ ድምፅ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። «የጤና ጥናት» የሚለው ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከዶክተር ይርጋ አፍ ነው።

ዶክተር ወደ አክስቴ ቤት የመጡት ባጃጅ ከተማችን ወረታ ገና በገባበት ሰሞን ነው። ልጆች ከኋላው እየሮጡ ይስቁበት ነበር። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት ማዕዘን ላይ ካሴት ቤት ነበረች፤ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ በር ላይ አውጥታ ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች። ሾፌሮች የጭነት መኪናቸውን አቁመው ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሻይ አንድ ብር ነው፤ ስኳሩ ግን ከልብ ነው፣ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ይቆማል። እኔ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ ነበረኝ፤ ከቅዳሜ ገበያ በአርባ ብር የተገዛ፣ ከታጠበ በኋላ እጅጌው ያጠረ። ጫማዬ ኮንጎ ነው፤ በሙቀት ቀን እግሬ ውስጡ እየተንሸራተተ ይጮሃል፣ እኔም ሰው እንዳይሰማኝ በጣቶቼ ጨብጬው እሄድ ነበር። አሁን ካሴት ቤቷ ስልክ መሸጫ ሆናለች። ኮንጎ ጫማም ሲጮህ አልሰማሁም፤ ወይ ጫማው ተሻሽሏል፣ ወይ እኔ እንደ ድሮው ከቤት አልወጣም።

ያኔ ወላጆቼ ካረፉ በኋላ ከከተማው ውጭ፣ ከሩዝ ሜዳው መንደራችን ወጥቼ አክስቴ ዘንድ ነበር የምኖረው። ስድስተኛን ከጨረስኩ በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። አክስቴ የምታከራያት አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ ለመምህራን፣ ለሕዝብ ቆጣሪዎች፣ መንገድ ለሚሠሩ ታከራያለች፤ ምግባቸውንም እኛ እናበስላለን። ዶክተር ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ሁለት ካርቶን ወረቀት አሸክመው ገቡ። ዶክተር መጣ የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ ሜዳውን አዳርሶት ኖሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ደጃችን በበሽተኛ ተሞላ። ጉንጫቸው ያበጠ አንዲት እናት ከሁሉ ቀድመው አፋቸውን ከፈቱላቸው።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የወረቀት ዶክተር ነኝ» አሉ ዶክተር።

«ታዲያ ወረቀት ታሞ ያውቃል?» አሉ ሴትዮዋ አፋቸውን ሳይዘጉ።

አክስቴ ከጓዳ ሆና እስክትታፈን ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «የማያክሙት ዶክተር» ሆነ። እሳቸውም ተቀበሉት፤ ሰው ሲያስተዋውቃቸው ራሳቸው ይጨምሩት ነበር።

ሥራቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ምሳ ላይ፣ ከታላቁ ሐይቅ የመጣ ዓሣ አጥንቱን እየለቀሙ፣ ለአክስቴ ያጫውቷታል፤ እኔ ሰሃን የማነሳ መስዬ እሰማለሁ። ወጣት ሳሉ ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው፣ አንድ አገር በሽተኞቹን እንዴት ማሳከም እንዳለበት፣ ማን ይክፈል፣ ማን ይወስን የሚለውን በዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። መጽሐፍም ጽፈዋል። «ያነበቡት ያረሙት ብቻ ናቸው» ይላሉ። ኋላ ለመኪና መድን የሚሸጡ የግል ኩባንያዎች ለሰው ጤናም መሸጥ አማራቸውና እሳቸውን ጠሩ። ደንቡን ጻፉላቸው። በዋና ከተማው ቢሮ የሚውል ሰው ካርድ በኪሱ ይዞ ሆስፒታል የሚገባው በእሳቸው ደንብ ነው።

«ታዲያ ትልቅ ሥራ ሠርተዋላ!» አለች አክስቴ።

«የሠራሁት ለጤነኞች ነው» አሉ። «ኩባንያ የሚወደው የማይታመመውን ሰው ነው እመቤት። ስለ ገበሬው ባነሳሁ ቁጥር፣ ገበሬማ ይታመማል፤ ደግሞም መድን አይገባውም ይሉኛል። ጡረታ ልወጣ ነው። ከመውጣቴ በፊት ይገባዋል ብዬ ላሳያቸው ነው የመጣሁት።»

ለምን እኛ አገር እንደመጡ ግን ሳይጠየቁ ነው የተናገሩት። የተወለዱት እዚሁ ከሜዳው ዳር፣ ይፋግ አጠገብ ነው። ልጅ ሆነው እናታቸው ታመሙ፤ የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ አንስቶ፣ ውኃ የተኛበትን ሜዳ እየሰነጠቀ ወደ ሆስፒታል ተሸክሟቸው ሄደ። ትንሹ ይርጋ ከኋላ ውኃ በቅል ይዞ ይከተላል። መንገድ ላይ ቃሬዛው ተቀመጠ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ። «ቅሉን እስከ ቤት ድረስ ሳላፈስ ይዤው ተመለስኩ» አሉ። አክስቴ ከዚያ በኋላ ዓሣ ጨመረችላቸው፤ ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት ነው።

ከዶክተር ጋር የመጡት ሁለት ረዳቶች ትንኙን አልቻሉትም። አንደኛውን ወባ ጣለው፣ ሁለተኛው እሱን አደርሳለሁ ብሎ በዚያው ቀረ። ዶክተር በረንዳ ላይ ካርቶኑን አቅፈው ተቀምጠው ሳለ አክስቴ፣ «እች ልጅ ጽሕፈቷ እንደ ዳዊት ነው፤ አፏ ነው እንጂ የማይከፈት» አለቻቸው። ከመሬት ዓይኔን አላነሳሁም።

«ስምሽ ማን ነው?»

«የሺ።»

«የሺ ብለው ሰይመውሽ አንድ ቃል ይወደድብሽ?» አሉና ሳቁ። ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጡኝ።

እንዲህ ተከፋፈልን። እሳቸው ከወንዶቹ ጋር ዋርካ ስር ተቀምጠው ረጅሙን ያወራሉ፤ እኔ በየቤቱ እየገባሁ ሴቶቹን እጠይቃለሁ። ሜዳውን አቋርጠን ስንሄድ ሩዙ እስከ ጉልበት ነው፤ ከብቱ ሆዱን እያወዛወዘ በውኃው መሐል ይሄዳል። ዶክተር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት፣ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላ። ያን ጊዜ ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሳያየኝ ሥራዬ የሚታይበት ሥራ አግኝቼ ነበር። ስንት ልጅ አለሽ፣ ባለፈው ዓመት ማን ታመመ፣ የት ታከመ፤ ይኼን ሁሉ እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ መድን አለሽ ወይ? ከአጠገቡ ሁለት ሳጥን። አንዱ አለ፣ አንዱ የለም።

መጀመሪያ የጠየቅኋት ሴት ልጇን አዝላ ሩዝ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አቆመች።

«መድን? አለን እንጂ! ምነው የሺ፣ ክርስቲያን አይደለንም?» ብላ አንገቷ ላይ ያለውን ክር ነካች።

በእኛ አገር መድን አንድ ነው፤ መድኃኔ ዓለም። ሴት ምጥ ሲይዛት የምትጠራው፣ ጎርፉ ሲመጣ የሚጠራው እሱ ነው። ለክፉ ቀን አስቀድመው የሚያዋጡት ገንዘብ መድን እንደሚባል ያን ጊዜ እኔም የማውቀው ከዶክተር አፍ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን የክርስትና ስሟን ሳይቀር ነግራኝ፣ ልጇን አዝላ ፊቴ ቆማ፣ ከስሟ ጎን «መድን የለም» ብዬ ልጻፍ? እጄ እምቢ አለኝ። «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሁለተኛዋም አለን አለች። ሦስተኛዋ ተቆጣችኝ፤ «ከተማ ገብተሽ እንዲህ ያለውን መጠየቅ ጀመርሽ?» አለችኝ። እሷንም አለ አልኩ። መንደሩ ሁሉ አለ ሆነ።

ዶክተር ወረቀቱን በረንዳ ላይ ዘርግተው ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። «ይገርማል! ሁሉም አለን ነው የሚሉት። ከእኔ በፊት ማን ደረሰላቸው?» አሉ። ጠሩኝ።

«የሺ፣ በደንብ ጠይቀሻቸዋል?»

«አዎ።»

«አለን አሉሽ?»

«አዎ፣ አሉኝ።»

አንዱም ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። እሳቸው ግን አመኑኝ። ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። ወደ ዋና ከተማው ደወሉ፤ ኩባንያዎቹም የመንግሥት ሰዎችም በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያነቡት ነው። «ገበሬው መድን አይገባውም ያላችሁ ስሙ! ከእናንተ ቀድሞ ገብቶታል እላቸዋለሁ» አሉ ለአክስቴ። ጠዋት ጠዋት መስኮታቸውን ከፍተው ንግግሩን ሲለማመዱ ከጓዳ እሰማለሁ። ያን ወረቀት ቢያነቡ መሳቂያ ሊሆኑ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው በእኔ እስክርቢቶ ሊዋረድ ነው። ሩዝ የምታበጥረዋ ሴትስ? አላት ከተባለ ማን ይመጣላታል? ቢያምኗቸውም ባያምኗቸውም ሜዳው ተረስቶ መቅረቱ ነው። ይህን እያወቅሁ ሦስት ቀን ሻይ አቀረብኩላቸው። አፌን እከፍትና «ስኳር ልጨምር?» እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መናገር እንደማልችል ቁርጡን አወቅሁ፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። ከደብተር ገንጥዬ ጻፍኩ። «ዶክተር፣ መድን አለን ያሉት መድኃኔ ዓለምን ነው። ሌላውን መድን አያውቁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሺ።» ከሻይ ብርጭቆው ስር አስቀመጥኩና ወደ መፈልፈያው ሮጥኩ። ከገለባው ክምር ጀርባ ተቀመጥኩ። ያ ሽታ ያን ጊዜ ነው ልቤ ውስጥ የገባው። ትንሽ ቆይቶ ከቤታችን ሳቅ ሰማሁ፤ የዶክተር ሳቅ ነው፣ ረጅም። ከዚያ ሳቁ ድንገት ተቋረጠ።

«የሺ! ነይ።»

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መጣሁ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እናቴ በቀን አሥር ጊዜ ነበር የምትጠራው» አሉ። «ቃሬዛው ላይ ሆናም እሱን ነበር የምትጠራው። እኔ ግን በሰው አገር መጽሐፍ ተምሬ መጣሁና መድን አለሽ ወይ ብዬ የእናቴን አገር ጠየቅሁ! ጥፋቱ የጥያቄው ነው ልጄ፤ የአንቺ አይደለም።»

ወረቀቴን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ብለሽ ትጠይቂያቸው ነበር?»

እስከዚያ ቀን ድረስ አንቺ ብትሆኚ ያለኝ ሰው አልነበረም። ከእግሬ ጣት ላይ ዓይኔን ሳላነሳ፣ «ብትታመሚ ቃሬዛሽን የሚያነሳ ሰው አለሽ ወይ እላቸው ነበር» አልኩ። ዶክተር ማስታወሻቸውን አውጥተው ቃል በቃል ጻፉት። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ ደግመውም አነበቡት።

የቀረን ቀን ጥቂት ነው፤ እንደገና ሜዳውን ያዝነው። አዲሱ ጥያቄ ግን እንደ አሮጌው ቶሎ አይመለስም። ሴቶቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቃሬዛ ቢያንስ አራት ሰው ይፈልጋል። «አንዱ የእህቴ ባል፣ አንዱ ጎረቤቴ… ልጄ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል፣ እሱን አትቁጠሪው» ይላሉ። ያችው ሩዝ የምታበጥረዋ ሦስት ላይ ደርሳ ቆመች። አራተኛ ስታጣ ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ውጭ አየች። «ለካ የለኝም» አለች። ስሟ አጠገብ የለም ብዬ ስጽፍ እጄ እምቢ አላለኝም፤ ልቤ ነው እንጂ።

በመጨረሻው ቀን የመንደሩ ቃሬዛ የሚሰቀልበት ቤት ሄድን፤ የአያ ቢሻው ቤት። አያ ቢሻው የዶክተርን አባት የሚያውቁ ሽማግሌ ስለሆኑ እንደ ልጃቸው አንተ እያሉ ነው የሚያናግሯቸው። ቃሬዛው ጣራው ስር ተሰቅሏል፤ ሁለት ረጅም እንጨት፣ መሐሉ በጠፍር የተጠለፈ፣ እጀታው ከላብ ብዛት የጠቆረ። ደንቡንም ነገሩን። ጩኸት ከተሰማ ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይወጣል። ሳይታመም ከሸክሙ የቀረ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ቤተሰቡ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ይለምናል፤ በሦስተኛው ይነሳለታል። «መቅጫው ልመናው ነው፤ ተሸክሞ አያውቅም ተብሎ የሚተው ሰው ግን የለም» አሉ።

ዶክተር ጽፈው ጨረሱና፣ «አያ ቢሻው፣ እኛም ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ አለን» ብለው ከደረት ኪሳቸው ካርዳቸውን አወጡ። አብረቅራቂ ነው፣ ስማቸው በወርቅማ ፊደል ተጽፎበታል። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አገላበጡት፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት።

«ይህ ምን ይሠራል?»

«ብታመም ትልቁ ሆስፒታል ያስገባኛል።»

«እዚያ ድረስ ማን ያደርስሃል?»

«መኪና ይጠራል።»

«ማን ይጠራል? አንተ ወድቀሃል አላልንም?»

አያ ቢሻው ካርዱን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው እንደማመዛዘን አሉ።

«ስንት ትከሻ አለው?»

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተርም ሳቁ፣ ግን ከሰው ዘግይተው ነው። በመመለሻችን ፀሐዩ እንደ እሳት እያቃጠለ ጃንጥላቸውን አልዘረጉም። ሩዙ መሐል ቆም አሉ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የቤቴ ቁልፍ ሌላ ሰው ዘንድ የለም» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

በማግስቱ ሸኘናቸው። መስቀለኛው ላይ ካሴት ቤቷ እንደ ወትሮዋ ታንጎራጉራለች፤ የባሕር ዳሩ መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ዶክተር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «የሺ፣ ባትነግሪኝ ኖሮ ተዋርጄ ነበር» አሉኝ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እዚህ ቢመጡ እኛ እናነሳዎታለን። ይኸው ነው። ከምላሴ ጫፍ ላይ አድርጌው፣ ትንሽ ቢቆሙ የምለው፣ ዘፈኑ ቢያልቅ የምለው፣ አክስቴ ዞር ብትል የምለው። መኪናው ሄደ። ዓረፍተ ነገሩ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።

ከጉባኤው በኋላ አንድ ጊዜ ደወሉ። አክስቴ ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ ከጆሮዋ አራቀችው። «ቃሬዛ ስል ሳቁብኝ እመቤት» አሉ። «ዶክተር፣ እኛ የምንሸጠው መድን ነው፣ የእንጨት አልጋ አይደለም አለኝ አንዱ። አንዲት ተማሪዬ ብቻ ከኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ አየኋት። ለየሺ ንገሪልኝ፤ አንድ ሰው ጽፎታል በያት።» ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። በዓመት በዓል ቀን እንኳን አደረሰዎ ልንላቸው ስንደውል ሌላ ሰው አነሳ፤ አርፈዋል አለን። አክስቴ አለቀሰች። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር መጠየቅ የፈለግሁት፤ ማን አነሳቸው? አልጠየቅሁም። አክስቴም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተለቻቸው። ታከራያት የነበረችው ክፍል ውስጥ አሁን የምኖረው እኔ ነኝ፤ የዶክተር መስኮት የእኔ መስኮት ነው። ከእሱ ሆኖ የሚታየው የመፈልፈያው ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያ ግድግዳ ፊት ንግግር ይለማመዱ እንደነበር ሳስበው፣ ያን ሁሉ ቃል የሰማው ገለባ ብቻ ይመስለኛል።

ታብሌቱ ሞላ። ልጅቷ ላብዋን እየጠረገች ተመለሰችና ከቆመችበት ቀጠለች። ባለፈው ዓመት ታመሽ ታውቂያለሽ፣ የት ታከምሽ፣ ለጤና መድን ተመዝግበሻል? ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ወደ ታች አንሸራተተችና አነበበች።

«ብትታመሚ ቃሬዛሽን የሚያነሳ ሰው አለሽ?»

የያዝኩት ሰሃን ከእጄ ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ ገባ። ቃል በቃል ነው። አንድ ፊደል አልተለወጠም።

«ይቅርታ፣ ጥያቄው የድሮ ነው» አለች ልጅቷ ሰሃኑ ሲወድቅ አይታ። «ቃሬዛ ማለት በሽተኛ የሚሸከሙበት ነው። አስተማሪያችን ይህን ጥያቄ እንዳትነኩት ትለናለች። ከእሷ አስተማሪ ነው የመጣው አሉ።»

ጥያቄው የእኔ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ከዚያ እንደ እነዚያ ሴቶች መቁጠር ጀመርኩ። አክስቴ የለችም። የመፈልፈያው ሰዎች በየክረምቱ ይለዋወጣሉ። ገበያ ላይ እጅ የምንነሳሳ አሉ፤ ቤቴን ግን አያውቁትም። አንድም ላይ ሳልደርስ ጣቴ ታጠፈ።

«የለኝም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ? አብዛኛው ሰው አለኝ ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ። የለም በይው።»

ምልክት አደረገች፣ አመሰገነችኝና ወጣች። ወደ ሰሃኔ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምጿን ከአጥሩ ወዲያ፣ ከእማሆይ ደጅ ሰማሁት። ዕድሜዎ፣ ሕመምዎ፣ እያለች እዚያው ጥያቄ ላይ ደረሰች። እማሆይ አላስጨረሷትም።

«አለኝ እንጂ!»

«ማን አለዎት እማሆይ?»

«እች ጎረቤቴ አለች አይደል። ውኃዬን የምታመጣው።»

«አንድ ሰው ብቻ?»

«አንድ ይበቃል። ይህች ልጅ ጮሃ አታውቅም፤ አንድ ቀን ከጮኸች ወረታ ሁሉ ቃሬዛ ይዞ ይመጣል።»

ልጅቷ ሳቀች። የታብሌቱን መክደኛ ስትዘጋ ሰማሁ፤ እግሯ ወደ መንገዱ አመራ። እጄን ሳላደርቅ ተነሳሁ። ጫማዬን ፈለግሁ፣ አጣሁት፣ ትቼው ወጣሁ። ከማዕዘኑ ልትታጠፍ ነው። የመፈልፈያው ሞተር ይጮሃል፤ የዶክተር መኪና የተነሳ ዕለትም እንዲሁ ሞተር ይጮህ ነበር።

«እህቴ! ቆይ!»

ድምፄ ከሞተሩ በላይ ወጥቶ ራሴን አስደነገጠኝ። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷም ዞረች።

«ቅድም የለም ያልኩሽ ስህተት ነው! አለኝ ብለሽ አስተካክይልኝ!»

ከአጥሩ ወዲያ እማሆይ ለማንም ሳይሆን፣ «ይኸው፣ ጮኸች» አሉ።